እብጠቱ ከመቆረጡ በፊት፦ ስለ ሳርኮማ ሕክምና

ጭንዎ ላይ አንድ እብጠት ወጥቷል እንበል። አያምም። ከእርሻም ከገበያም አላስቀረዎትም። ግን ካለፈው አጨዳ ወዲህ አድጓል። ወይም የልጅዎ ጉልበት ሌሊት ሌሊት እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ነስቶታል። አንዱ ዘመድ «ይታሽ» ይላል። ሌላው «አስቆርጡትና ይውጣ» ይላል። ምን ይሻላል?

ይህ ማብራሪያ ሳርኮማ ስለሚባለው ካንሰር ነው። የተጻፈው አማኑኤል፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላለ ታማሚና ለአስታማሚው ነው። ሕክምናው እንዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚገኝና ምን እንደሚያስወጣ በየተራ እናያለን። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዙ፦ ምርመራው ሳያልቅ እብጠቱ አይታሽ፣ አይቆረጥ።

ሳርኮማ ምን ዓይነት ካንሰር ነው?

ብዙዎቹ ካንሰሮች የሚነሡት የአካል ክፍሎችን ከሚሸፍን ስስ ሽፋን ነው። የማኅፀን ጫፍ ካንሰርና የአንጀት ካንሰር እንዲህ ናቸው። ሳርኮማ ግን የሚነሣው ሰውነትን ከሚሸከሙና ከሚያያይዙ ክፍሎች ነው፤ ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከጅማት፣ ከደም ሥር። ከ70 በላይ ዓይነቶች አሉት። ሁሉም በአንድ መድኃኒት አይታከሙም።

በአዋቂዎች ላይ ብዙ አይታይም። አዋቂዎችን ከሚይዙ ካንሰሮች ከ100 አንዱ ያህል ነው። በልጆችና በወጣቶች ላይ ግን ድርሻው ከፍ ይላል። ሐኪሞች ኦስቲዮሳርኮማ የሚሉት የአጥንት ሳርኮማ በብዛት የሚይዘው ከ10 እስከ 20 ዓመት ያሉትን ነው። በብዛት የሚወጣውም ጉልበት አካባቢ ነው።

ካፖሲ ሳርኮማ የሚባልም አለ። ቆዳ ላይ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ያለ ምልክት ሆኖ ይወጣል። አፍ ውስጥና እግር ላይም ይታያል። በአገራችን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ ነው። ሕክምናውም ከሌሎቹ ስለሚለይ በኋላ ለብቻው እንመለስበታለን።

ሳርኮማ አብሮ በመብላት ወይም በመተኛት አይተላለፍም። «በሬ ወግቶኝ ነው»፣ «ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው» ሲባልም ይሰማል። መመታት ሳርኮማ እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ ሰውየው የተመታውን ቦታ ሲዳብስ ቀድሞ የነበረውን እብጠት ማግኘቱ ነው።

እብጠት ሁሉ ሳርኮማ ነው?

አይደለም። አብዛኛው እብጠት ጉዳት የሌለው የስብ ክምችት ወይም ቁስል ያመጣው ነው። ስለዚህ አይደንግጡ። ነገር ግን ከሚከተሉት አንዱ ካለ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፦

እብጠቱ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ እያደገ ከሆነ።
ከ5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከሦስት ጣት ስፋት ገደማ፣ የሚበልጥ ከሆነ።
ከቆዳ ሥር ሳይሆን ጠለቅ ብሎ ጡንቻ ውስጥ ያለ ከሆነ።
ከዚህ በፊት ተቆርጦ የወጣ እብጠት እዚያው ቦታ ተመልሶ ከመጣ።
ልጅ አንድ ቦታ ላይ የማይለቅ የአጥንት ሕመም ካለበትና ሌሊት ከባሰበት።
አጥንት ያለ ከባድ ምት ከተሰበረ።

«አያምመኝምና ምንም አይደለም» አይበሉ። የጡንቻና የስብ ሳርኮማ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

በምሥራቅ ጎጃም ሌላ የሚያምታታ ነገር አለ፤ ዝሆኔ። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ከውስጥ እግር ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል። ሳርኮማ ግን በአንድ ቦታ ላይ የሚያድግ እብጠት ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ወይም ዝሆኔ ባለበት እግር ላይ አዲስ እብጠት ከወጣ «የለመድኩት ነው» ብለው አይለፉት።

ወጌሻ ቢያየውስ?

ወጌሻ የወለቀ አጥንት በመመለስ የታወቀ ባለሙያ ነው። እያደገ የሚሄድ እብጠት ግን የወጌሻ ሥራ አይደለም። ማሸት፣ መተኮስና መብጣት ቦታውን ያቆስላል፤ ያደማል። ካንሰሩ በያዘው አጥንት ላይ ጠንክሮ መጫን አጥንቱን ሊሰብረው ይችላል። ከዚያ በኋላ እግሩን ማትረፍ ይከብዳል።

ጠበልስ? ጠበል መጠመቅና ሕክምና አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ጉዳት የሚመጣው ቀጠሮ ሲቀር ወይም መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ የቀጠሮ ቀንዎንም ይንገሯቸው።

ከየት ልጀምር?

ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ጤና ጣቢያው ወደ ቅርብ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። ለአማኑኤል ሰው ቅርቡ ትልቅ ሆስፒታል ደብረ ማርቆስ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቢቸናና ሞጣም የየራሳቸው ሆስፒታል አላቸው። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ጎንደርም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ። የመጨረሻው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ነው።

የሪፈር ወረቀቱን አይጣሉ፤ ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ስንደርስ ጥቅሙን ያዩታል።

ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል?

መጀመሪያ ሐኪሙ ይዳብሳል፣ ይለካል። ለአጥንት ራጅ ያዛል፤ ለሌላ እብጠት አልትራሳውንድ። የአጥንት ሳርኮማ ብዙ ጊዜ ገና በራጁ ያጠራጥራል። ራጅ ከምርመራዎቹ ሁሉ ርካሹ ስለሆነ የልጅ ሌሊት ሕመም ያለ ራጅ አይታለፍ።

ሁለተኛው ኤምአርአይ ነው። ይህ በማግኔት የሚሠራ መሣሪያ እብጠቱ የትኛውን ጡንቻ፣ ነርቭና ደም ሥር እንደነካ ያሳያል። በየሆስፒታሉ አይገኝም። ብዙ ጊዜ ከተማ ወርዶ በግል ማዕከል መክፈል ይጠይቃል።

ሦስተኛው ናሙና መውሰድ ነው፤ ባዮፕሲ ይባላል። ወፈር ባለ መርፌ ከእብጠቱ ትንሽ ሥጋ ይወሰዳል። ቦታው ይደነዝዛል። ናሙናውን የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ማለትም ሥጋን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ባለሙያ፣ ያየዋል። በቀጭን መርፌ ብቻ የተወሰደ ናሙና ሳርኮማ መሆኑን ቢጠቁም እንኳ ዓይነቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ድጋሚ ናሙና ቢጠየቁ አይናደዱ።

«ካንሰር ብረት ሲነካው ይብሳል» ይባላል። በአግባቡ የተወሰደ ናሙና በሽታውን አያብሰውም። የሚጎዳው ያለ ዕቅድ የተቆረጠው ነው። መርፌው የገባበት መስመር ራሱ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ላይ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ናሙናውን የሚወስደው ኋላ ቀዶውን የሚሠራው ሐኪም፣ ወይም ከእሱ ጋር የተመካከረ ቢሆን ይመረጣል።

አራተኛው የደረት ሲቲ ስካን ነው። ሳርኮማ ሲዛመት ከሁሉ በፊት የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ወደ ሳንባ ነው። ሳንባው ነጻ ከሆነ የማዳን ተስፋው ከፍ ይላል።

የናሙና ውጤት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ «ዝም ብዬ ከምጠብቅ ላስቆርጠው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይታገሡ፤ ግን ውጤቱ ደርሶ እንደሆነ እየደወሉ ይጠይቁ። የናሙናውን መስታወት (ስላይድ) እና በሰም የተያዘውን ሥጋ (ብሎክ) ሆስፒታሉ እንዲያስቀምጥልዎ ይንገሩ። ሌላ ሆስፒታል ሲሄዱ ድጋሚ ከመወጋትና ድጋሚ ከመክፈል ያድንዎታል።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

ለአብዛኛው ሳርኮማ ዋናው መድኃኒት ቀዶ ሕክምና ነው። ሰርዶን የነቀለ ገበሬ ይህን ቶሎ ይረዳል። ከላይ ቢያጭዱት ተመልሶ ይበቅላል፤ የሚጠፋው ሥሩ ከነዙሪያው አፈር ሲወጣ ነው። ሐኪሙም እብጠቱን ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ያወጣል። እብጠቱ መሐል ላይ ከተቆረጠ ሕዋሳቱ ቦታው ላይ ይቀራሉ። ኋላ የሚሠራው ቀዶ ሰፊ ይሆናል፤ ሊተርፍ ይችል ከነበረው እግር ብዙው ይሄዳል። መጀመሪያው ቆረጣ ላይ ይህን ያህል የምንጠነቀቀው ለዚህ ነው።

«እግሬ ይቆረጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ቶሎ ከተደረሰ ብዙ ጊዜ እግሩን ማትረፍ ይቻላል። የአጥንት ሳርኮማ ላይ ግን የታመመው አጥንት ሲወጣ የሚተካ ብረት ወይም አጥንት ያስፈልጋል፤ ይህ በአገራችን በቀላሉ አይገኝም፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ካንሰሩ ዋናውን ነርቭና ደም ሥር ከከበበ ደግሞ መቁረጥ ሕይወት ያተርፋል። ከመቆረጥ ሸሽተው የጠፉ ታማሚዎች ካንሰሩ ሳንባ ከደረሰ በኋላ ሲመለሱ የሚሠራላቸው ነገር ያንሳል።

እግር ከተቆረጠ በኋላስ? ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ሰው ሠራሽ እግር፣ ክራንችና የእንቅስቃሴ ልምምድ ይሰጣል። ከቀዶው በፊት ሐኪሙን ወደዚያ ሪፈር እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የሚያድግ ልጅ እግሩ በየጊዜው መለወጥ እንዳለበትም አይርሱ።

ኬሞ መቼ ያስፈልጋል?

ኬሞ (ኬሞቴራፒ) በደም ሥር የሚሰጥ፣ የካንሰር ሕዋስን የሚገድል መድኃኒት ነው። ለኦስቲዮሳርኮማ የግድ ነው። ኬሞ ከመምጣቱ በፊት በቀዶ ብቻ ከታከሙት አምስት ታማሚዎች አንዱ እንኳ መትረፉ አጠራጣሪ ነበር። ዛሬ የተሟላ ሕክምና ባለበት አገር፣ በሽታው ሳይዛመት ከተደረሰባቸው ከ10 ታማሚዎች 6 ወይም 7ቱ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ብዙ ጊዜ ከቀዶው በፊት ለሁለት ወይም ሦስት ወር ይሰጣል፤ ከቀዶው በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ «ቆርጠውልኛል፣ ድኛለሁ» ብሎ መቅረት አደጋ ነው።

ከመድኃኒቶቹ ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው። ከተሰጠ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንት ቀላ ይላል፤ ይህ ደም አይደለም። አይፎስፋሚድ የሚባለው ግን የሽንት ፊኛን ሊያደማ ስለሚችል መከላከያ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል፣ ውኃም በብዛት ይጠጣል። ሲስፕላቲን ማቅለሽለሽ ያበዛል፤ ኩላሊትንና መስማትን ሊጎዳ ይችላል። ፀጉር ይረግፋል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ይበቅላል።

ወጣት ከሆኑ ወይም ልጅ ለመውለድ ካሰቡ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ይናገሩ። አንዳንዱ መድኃኒት መውለድን ይጎዳል። ከተጀመረ በኋላ ማንሣት ዋጋ የለውም።

የጨረር ሕክምናስ?

የጨረር ሕክምና በማሽን ጨረር ካንሰሩን መምታት ነው። በሚደረግበት ጊዜ አያምም። ለጡንቻና ለስብ ሳርኮማ ከቀዶ በፊት ወይም በኋላ ይታዘዛል። ለኦስቲዮሳርኮማ ግን ብዙም አይሠራም።

ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በአገሪቱ የነበረው የጨረር ማዕከል የጥቁር አንበሳው ብቻ ነበር። ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማና ሐረርም አዳዲስ ማሽኖች ገብተዋል። የትኛው ማዕከል ወረፋው አጭር እንደሆነ ሐኪምዎ በስልክ እንዲያጣራልዎ ይጠይቁ። ሳይጣራ አይሳፈሩ።

ካፖሲ ሳርኮማ እንዴት ይታከማል?

እዚህ ላይ ቀዶ ሕክምና ዋና አይደለም። መጀመሪያ የኤችአይቪ መድኃኒት ይጀመራል ወይም ይስተካከላል። መድኃኒቱ በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ሰውነት አቅም ሲያገኝ ምልክቱ በራሱ ሊቀንስ ይችላል። እግር ካበጠ፣ አፍ ወይም ሳንባ ከተነካ ኬሞ ይጨመራል። ቆዳዎ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ የደም ምርመራውን አይፍሩት፤ የሚረዳው ሕክምና የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ምን ያህል ያስወጣኛል?

የሕክምና ዋጋ በየሆስፒታሉና በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር አንቆርጠውም። ወጪው የት የት እንዳለ ግን ማስላት ይቻላል። ብዙ ቤተሰብ የሚደክመው በመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን በመንገዱና በአልጋው ነው።

ኬሞ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ አንድ ዙር ይሰጣል። ስድስት ዙር ታዘዘ እንበል። ታማሚና አስታማሚ ሲሄዱና ሲመለሱ በዙር አራት ትኬት ነው። ስድስቱ ዙር 24 ትኬት ይሆናል። ከአማኑኤል አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ባሕር ዳር ደግሞ 235 ገደማ ነው። ለሞጣ ሰው ባሕር ዳር የበለጠ ይቀርባል። ስለዚህ «ይህ ኬሞ ባሕር ዳር ሊሰጠኝ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። ጥቁር አንበሳ ያወጣውን ዕቅድ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ማስቀጠል የሚቻልበት ጊዜ አለ።

ጨረር ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው። 25 ጊዜ ከታዘዘ አምስት ሳምንት ነው። እያንዳንዱ ቀን የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ከተማው ውስጥ ማደር ግድ ነው። ለሁለት ሰው አልጋና ቀለብ ለ35 ቀን ያህል ያስሉ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋ ነው። አባል ከሆኑ በመንግሥት ተቋም ምርመራን፣ ተኝቶ መታከምንና ቀዶን ይረዳል። ሪፈር ዋጋ የሚያወጣውም እዚህ ነው። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪው እንደሌላው አይሸፈንለትም። ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ከወረዳዎ ይጠይቁ፦ መታወቂያዬ ታድሷል ወይ? ወረዳው ከምሄድበት ሆስፒታል ጋር ውል አለው ወይ? መድኃኒት ከውጭ ብገዛ በደረሰኝ ይመለስልኛል ወይ? መዋጮ መክፈል ካልቻሉ ቀበሌው በድሃ ድሃ መዝገብ እንዲይዝዎ ያመልክቱ። መድኑ የመኪናና የአልጋ ወጪ አይከፍልም። ውጭ አገር የሚደረግ ሕክምናም አይሸፍንም።

መድኃኒት በሆስፒታሉ ከጠፋ አዲስ አበባ ላይ በግል ፋርማሲ ከመግዛትዎ በፊት ከነማንና የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤቶች ይጠይቁ። የዋጋ ልዩነቱ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ማረፊያ ለቸገራቸው የሚደርሱ አሉ። አዲስ አበባ ያለው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር በደም ካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች በልጁ ስም ያቋቋሙት ነው፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታማሚዎችን ያሳድራል። ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ድርጅት ደግሞ ካንሰር ያለባቸውን ልጆች ከአስታማሚያቸው ጋር ይቀበላል። ቦታቸው ውስን ነው። የሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አስቀድሞ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ።

በሬ ሸጦ ሕንድ መሄድስ? ከመሸጥዎ በፊት ሐኪሙን ቁርጥ ያለ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «እዚያ የሚሰጠኝ፣ እዚህ የሌለው ነገር ምንድን ነው? ያድነኛል ወይስ ዕድሜ ይጨምራል?» መልሱ ግልጽ ካልሆነ በሬው ይቆይ።

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። የሕክምና ክፍሉን ስልክ ይያዙ። ቀጠሮ ካመለጠ በዚያው ቀን ደውለው ምን ማድረግ እንዳለብዎ ይጠይቁ። ዙር መዝለል በሽታው እንዲያንሰራራ ጊዜ ይሰጠዋል።

ቤት ውስጥ አስታማሚው ምን ያድርግ?

ቴርሞሜትር ይግዛ። ኬሞ ደምን ስለሚያዳክም የታማሚው ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ድንገተኛ ነው። ሌሊትም ቢሆን፣ ክኒን ውጦ ሳያድር፣ ሆስፒታል ይሂድ።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር። እንቁላል በደንብ ይቀቀል። ሽሮ፣ ክክ፣ የፈላ ወተት፣ አጥሚት፣ የበሰለ ሥጋ ሁሉ ጥሩ ነው። ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ይብላ። የጾም ጊዜ ከሆነ የታመመ ሰው እንዴት እንደሚያደርግ የንስሐ አባቱን ያማክር። ኮሶና የቅጠል መድኃኒት ከኬሞ ጋር ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ለሐኪሙ ሳይነገር አይሰጡ።

ለእርሻው ጎረቤት ደቦ ይውጣ፤ አስታማሚም በተራ ይሁን። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም።

ሕክምናው ካለቀ በኋላስ?

ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ቦታው ይዳበሳል፣ ደረትም ራጅ ይነሣል። ሳንባ ላይ አንድ ሁለት ትንንሽ ነጥብ ብቻ ቶሎ ከተገኘ እሱም በቀዶ ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ አለ።

ማዳን ካልተቻለም ሕክምና አያበቃም። ሕመምን ማስታገስ ራሱ ሕክምና ነው። ለከባድ ሕመም የሚዋጥ ሞርፊን አለ። ሱስ እንዳይሆን ብሎ ታማሚን በሕመም ማሠቃየት ትክክል አይደለም፤ ሐኪም ባዘዘው መጠን የሚወሰድ ሞርፊን ለዚህ ነው የተሠራው። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ። አዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት እየሄደ እንዲህ ያለውን እንክብካቤ ይሰጣል። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ሰው ሆስፒታሉ ማስታገሻውን ጽፎ እንዲሰጥ፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያም እንዲከታተል ይጠየቅ።

አሁን ምን ላድርግ?

እብጠት ካለብዎ ዛሬ በሜትር ይለኩት፤ ልኩንና ቀኑን ይጻፉ። ነገ የጻፉትን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አንድ ማኅደር ያዘጋጁና የሪፈር ወረቀት፣ ራጅ፣ የናሙና ውጤት፣ የመድን መታወቂያና ደረሰኝ በአንድ ላይ ይያዙ። ማንም ሐኪም «አሁኑኑ እናውጣው» ካለዎት በትሕትና አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ምን እንደሆነ በናሙና አውቀነዋል?» መልሱ «አላወቅንም» ከሆነ፣ ናሙናው ይቅደም ይበሉ።